ልጄ እህቴ የሆነችበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ከፍቼ ልጄ እህቴ መሆኗን አነበብኩ። ማንም አላነበበልኝም። ወንድሜ ህሩይ የቤተሰባችንን የዘር ሐረግ ኢንተርኔት ላይ ጭኖ ሊንኩን በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ለቆት ነበር፤ ከድሬዳዋም ከአዳማም ያለ ዘመድ «ተባረክ» እያለ ይጽፍለታል። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ የመጣልኝን ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ የሳሙና መጠቅለያም ይሁን የመብራት ቢል። ሊንኩን ስነካው በመስመር የተያያዙ ብዙ ትናንሽ ሳጥኖች መጡ። በያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሰው አለ። ራሴን እስካገኝ ቆየሁ፤ ሳገኘው ደስ አለኝ። «እንቁ ኃይሉ» ይላል። ጣቴን ሳሳርፍበት ገጹ ተከፈተ። አባት፦ ኃይሉ ወልደሰንበት። እናት፦ ማሚቴ አየለ። ወንድም፦ ህሩይ ኃይሉ። እህት፦ ዮዲት ኃይሉ። የትዳር ጓደኛ፦ አልተመዘገበም። ልጆች፦ አልተመዘገበም። የመጨረሻውን ቃል ደግሜ አነበብኩት፤ ረጅም ቃል ሲሆን አሁንም አንዳንዴ እሳሳታለሁ። አልተሳሳትኩም።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለነዋል። ልጄ ዮዲት ከመጋረጃው ወዲያ ነጭ ጋውኗን ትተኩሳለች፤ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። «እንቁዬ፣ ሻዩ ሊገነፍል ነው» አለችኝ። በስሜ ነው የምትጠራኝ። አያቶቿ እጅ ነው ያደገችው፤ ሰው ሁሉ እንቁ ሲለኝ እየሰማች እሷም እንቁ አለችኝ፤ እማዬ የምትለው እናቴን ነበር። በሰፈራችን እንዲህ የሚጠሩ እናቶች ጥቂት አይደሉምና አላረምኳትም። ሻዩን አወረድኩና ስልኩን ሰጠኋት። መጀመሪያ ሳቀች። «እህት ዓለም፣ ደህና አደርሽ?» ብላ ትከሻዬን መታችኝ። ቀና ብላ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ተወች።

አባቷ ብሩኬ ይባላል፤ የመቻራ ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮልኝ፣ ዮዲ በሆዴ እያለች መኪናው ገደል ገባ። ዘመዶቹ ለለቅሶ መጥተው አብረን አለቀስን፤ ስወልድ እንደሚመጡ ነግረውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። አባቴ ጠበቀ፤ ለክርስትናዋም ጠበቀ። በመጨረሻ «ይህች ልጅ ጠያቂ የላትም እንዳይባል፣ የኔ ናት» ብሎ በራሱ ስም አስመዘገባት። ያኔ እጁን ስሜ አመስግኜዋለሁ፤ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ዮዲም ስሙን ከማወቅ በቀር ስለ ብሩኬ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ካልጠየቀችኝ አልነግራትም። እንዲሁ ዝም እንደተባባልን አደገች፤ አድጋም አላቆመች፤ እኛ የኃይሉ ልጆች ሁላችን አጭሮች ነን፣ እሷ ግን በየጠዋቱ የበሩ መቃን ግንባሯን ይመታታል።

ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ስቄ ባለፍኩት። ግን በማግስቱ እሁድ የእጮኛዋ የኢታና ሽማግሌዎች ከበደሳ ሊመጡ ነው። በእኛም በእነሱም ወግ ቀን ከመቆረጡ በፊት ዝምድና ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት። የኢታና ወገን የራሳቸውን ቆጠራ ጽፈው ልከውልናል። የእኛን ህሩይ ከዚሁ የዘር ሐረግ አትሞ ሊሰጣቸው ነው። በእሱ ከተቆጠረ የዮዲ አባት አባቴ ይሆናል፣ የብሩኬ ወገን ጭራሽ አይቆጠርም። መቻራና በደሳ ደግሞ ድሮም የሚጋቡ አገሮች ናቸው። ከሠርጉ በኋላ፣ ልጅ ከተወለደ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ «እነዚህ እኮ የአንድ ሰው ልጆች ናቸው» ቢልስ? ይህን ሳስብ ሻዩ አልዋጥ አለኝ።

ዮዲ በስልኳ ገባችና ራሷን ከአባቴ ሥር አንስታ ከእኔ ሥር አደረገች። ቀላል ነው አለች፤ ለቤተሰቡ ሁሉ ማስተካከል ተፈቅዷል። «አባት» የሚለው ጋ ስትደርስ «ብሩኬ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆም አለች። «ብሩኬ ማን?» አለችኝ፣ የሰው መድኃኒት ወረቀት በምትጠይቅበት ዓይነት ድምፅ። ገመቹ አልኳት። የገመቹን አባት ጠየቀችኝ፤ አላውቅም።  ከዚያ ረፈደብኝ ብላ ወጣች፤ በሩ እንደ ልማዱ መታት።

እኔ የጫት መጠቅለያ የሙዝ ቅጠል ነው የምሸጠው፤ ጫት ተራ፣ ጫት ከምታስረው ከዘይቱና አጠገብ። ቅዳሜ የጭሮ ገበያ ቀን ስለሆነ መቆሚያ የለም። መኪናው ወደ ድሬዳዋ ሳይሄድ ጫቱ መታሰር አለበት፤ ነጋዴው ሁሉ ቅጠል ቅጠል ይላል። እንዲያም ሆኖ በየመሀሉ ስልኬን እያወጣሁ ገጼን አየዋለሁ። ልጆች፦ ዮዲት ኃይሉ። ደጋግሜ አነበብኩት። ረፋዱ ላይ አንዱን ነጋዴ ሸኝቼ ስከፍት ግን ተመልሷል። እህት፦ ዮዲት ኃይሉ። ልጆች፦ አልተመዘገበም። ዮዲ ደወለችና እሷም አይታው አስተካክላው፣ እንደገና እንደጠፋ ነገረችኝ። ያን የሚያደርገው ህሩይ ብቻ ነው። ቅጠሌን ለዘይቱና አደራ ሰጥቼ ልነሳ ስል ግን ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላለሁ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዘይቱና የመቻራ ልጅ ናት፤ ከዚያ ሰው እንደምፈልግ ነገርኳት።

«ወላሂ፣ እኔ የማላውቀው የመቻራ ሰው ገና አልተወለደም» አለች።

የብሩኬ እህት ሎሚ ትባላለች ስላት ጫት ማሰሯን ሳታቆም ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አስገብታ ለወንድሟ ደወለች፤ ወንድሟ ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ደወለ፤ ሎሚ እዚያው ወፍጮ ቤት ናት ተባለ። የስልክ ቁጥሯ ሲነገር ወረቀት አልነበረኝም። ከቅጠሌ አንዱን ዘርግቼ በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ ቅጠል ላይ ጫን ካልተደረገ አይጽፍም። ዘይቱና አንገቷን አስግጋ አየችና «ኧረ ጸሐፊ! ነገ ደግሞ ያለ ደረሰኝ አልሸጥም ልትዪኝ ነው» አለች። ቅጠሉን እንዳይታጠፍ በመዳፌ ዘርግቼ ይዤ ሄድኩ።

የህሩይ ኮፒ ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በሩ ላይ ኮፒ አምስት ብር፣ ጽሕፈት በገጽ ሠላሳ፣ ላሚኔሽን አርባ የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ድሮ በዚያ በር ስገባ ወረቀቱ ለእኔ ጌጥ ነበር። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ኮምፒውተሩ፣ ኮፒ ማሽኑ፣ ለጉርድ ፎቶ የሚቀመጡበት በርጩማ። ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ። ህሩይ ሲያየኝ ደስ አለው፤ ከሥራው ሁሉ የሚወደው ይህን የዘር ሐረግ ነው፤ አሳይሻለሁ ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ኢንተርኔቱ ላይ በማስተካከላችን የተናደደ አልመሰለኝም፤ እንዳስተካከልነውም አላወቀም። ጠዋት የአጎታችንን ልጆች እዚህ ኮምፒውተር ላይ ባለው ፕሮግራም ጨምሮ ሁለት ጊዜ እንደገና ጭኖታል፤ ከዚህ ሲጫን ደግሞ ኢንተርኔቱ ላይ ያለው ሁሉ በዚህኛው ይተካል። ዋናው የዘር ሐረግ ያለው እዚህ ነው፤ እዚያ የሚታየው ኮፒው ነው።

«ታዲያ ኦሪጅናሉ ሳይስተካከል እኛ ኮፒውን ስንፍቅ ውለናል» አልኩት።

ሳቀ። የመጣሁበትን ስነግረው ግን ሳቁ ቀረ። ዮዲን ከአባቴ ሥር ያስገባት ተሳስቶ አይደለም፤ አስቦበት ነው። እሱ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያየውን እኔ አላይም። አንዱ ወረቀት በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም ሆኖባቸው ፓስፖርት የተከለከሉ፣ ጡረታ የቀረባቸው፣ እየመጡ እሱ ፊት የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ። ዮዲ ነገ ከነገ ወዲያ የጋብቻ ወረቀት ታወጣለች። ለምን ነገር እናበዛለን አለኝ፣ ድምፁን ለደንበኞቹ እንዳይሰማ ዝቅ አድርጎ።

«እትዬ፣ እኔ የጻፍኩት ሰነዷ የሚለውን ነው።»

«ሰነዷ ስሟን ነው የሚናገረው። አንተ የጻፍከው ማን እንደወለዳት ነው።»

  ህሩይ አባታችንን የሚወደውን ያህል የሚወደው ሰው የለም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ የአባባ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ወደ ፎቶው ሳያይ፣ አባባ ይህን ቢሰማ ምን ይላል አለኝ። አባባ የሰጣት ስም ነው፤ ስሙ ይኑር፣ ማንም አይንካው፤ ግን አባባ እኔን ልጅ አልባ ሊያደርገኝ ብሎ አልሰጣትም አልኩት። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ከዚያ ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ቁጥሩን ስልኬ ላይ አንድ በአንድ ነካሁ። አንዱን ተሳስቼ አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ኤኙ?» አለ የሴት ድምፅ፣ ማነው ለማለት። ከኋላዋ ወፍጮ ይጮሃል።

እንቁ ነኝ፣ የጭሮዋ እንቁ አልኳት፤ የብሩኬ ብዬ ቆምኩ።  ወፍጮው እየራቀ ሄደ፤ ወደ ውጭ ወጥታ ነው።

«የብሩኬ ሚስት» አለች እሷ።

እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እትዬ ሎሚ እንደምን ነዎት፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ እናትዎ እንዴት ናቸው እያልኩ ሰላምታ አበዛሁ። እናቷ አርፈዋል። እግዜር ያጥናችሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው ልጃችን ልትዳር ነው፣ የአባቷን ወገን ለሽማግሌ መቁጠር አለብን ብዬ የተናገርኩት።

«የማን ልጅ?» አለች።

«የብሩኬ። ዮዲት።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ብድግ አደረግኩት። አልተቋረጠም። «ኢንተላ ብሩኬ?» አለች ቀስ ብላ፤ የብሩኬ ሴት ልጅ ማለቷ ነው። «አለች?»

ያን ጊዜ የነገረችን ይህን ነው። ከወለድኩ በኋላ እናቷ ታመው ስለነበር ሳይመጡ ቆዩ። ልጅቱ መሄድ በምትጀምርበት ዕድሜ ሎሚ ቅቤና ማር ይዛ ብቻዋን ጭሮ መጣች። ቤቱን ከሩቅ አወቀችው። ከቤት የወጣ ሰው ሳታገኝ ደጃፉ ላይ አንዲት ሕፃን ያዘለ ወንድ ልጅ አየች። ገና በአባታችን ቤት ሳትገባ ያን ልጅ ጠየቀችው።

«ይቺ የማን ናት ስለው እህቴ ናት አለኝ። የአባትሽን ስም ጠራልኝ፤ ልጁ ናት አለ። ሌላ ሕፃን የለም ወይ አልኩት። የለም አለኝ። እንግዲህ የብሩኬ ልጅ አልተረፈም ብዬ ተመለስኩ። ሐዘን የገባበት ቤት ቅቤ ይዤ ገብቼ ምን ልበል? እናቴ ሁለተኛ ለቅሶ ተቀመጠች።»

ህሩይ እጁ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እንዳለ ቀረ። በዚያ ቤት ሕፃን የሚያዝል ሌላ ልጅ አልነበረም። አባባ ሰው ከጠየቀህ እህቴ ናት በል ብሎት ነበር፤ እሱም የታዘዘውን የሚፈጽም ልጅ ነበር። ፊቱን ማየት ስለከበደኝ በሩ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አነበብኩ። ቆይቶ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«እትዬ ሎሚ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ» አለ።

 ከዚያ ሎሚ «አንተ ነህ?» አለች። «እያየሁህ እኮ ጀርባህ ላይ ሸናችብህ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ያ ምስኪን ልብሱን ቀየረ ይሆን እላለሁ።»

ከተረኞቹ አንዱ፣ አዛውንት ናቸው፣ ሳቃቸው አመለጣቸው። ህሩይም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ሎሚ ጊዜ ሳታጠፋ «ጻፍ እንግዲህ፣ ዛሬ በትክክል ጻፍ» አለችው። ለእሷ ሰባት ቤት መቁጠር ምንም አይደለም። ብሩኬ ገመቹ፣ ገመቹ ሌንጂሳ፣ ሌንጂሳ ቢቂላ። ቢቂላ ስትል ህሩይን ቀና ብዬ አየሁት፤ የኢታና ቅድመ አያትም ቢቂላ ነው። ህሩይ የእነሱን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ጎን ለጎን አደረገ። ቢቂላ ማን ብሎ ጠየቃት። ቢቂላ ጉተማ አለች፤ ከመቻራ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር፣ ገበያ እንኳ ሚስቱ ናት የምትሄድለት። የኢታና ቢቂላ የደበላ ልጅ ነው፤ አገሩም ሌላ፣ ጎሣውም ሌላ። በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ተቆጥሮ አንድም ቦታ አልተገናኙም። እኔ ከዚያ በኋላ ነው ጠዋት ያልተዋጠልኝ ሻይ የታወሰኝ።

ሎሚ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በአባቷ ወገን ማን እንደሚቀመጥ ጠየቀችኝ። አላሰብኩበትም ነበር። በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ እኔ እቀመጣለሁ አለች። ቅቤ ይዤ ነው የምመጣው፤ ዘንድሮ ደጃፍ ላይ የምጠይቀው ሰው የለም አለች።

የቀረው የህሩይ ሥራ ነበር። ብሩኬን ከእኔ ጎን ጻፈው፤ ዮዲን ከሁለታችን ሥር አወረዳት። ከዚያ ማውሱን እንደያዘ ቆየ። አባባ ከእሷ ሳጥን ላይ ሲነሳ ማየት እንዳልቻለ ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልቻልኩም። በፕሮግራሙ ውስጥ ፈላልጎ ከእንግሊዝኛው እየተረጎመ አነበበልኝ፤ ወላጅ፣ የእንጀራ አባት፣ አሳዳጊ። አሳዳጊ የሚለውን ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አባባ በተቆራረጠ መስመር ወደ ዮዲ ተመልሶ መጣ። ስሟን አልነካነውም። ህሩይ ወደ ኢንተርኔቱ ሊጭነው ሲል ያዝኩት። መጀመሪያ አትመህ ስጠኝ አልኩት። አተመልኝና ጮክ ብዬ ከላይ ጀምሬ አነበብኩት፤ ጉተማ ላይ ተደናቀፍኩ፣ ሌንጂሳ ላይ ቆምኩ፣ ህሩይ አላረመኝም፣ ተረኞቹም ቶሎ በይ አላሉኝም። ስጨርስ ላከው አልኩት። የህትመቱን ስከፍለው እጄን መለሰው፤ እኔ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ሰው እየጠበቀው ነበር።

ጫት ተራ ስመለስ መኪናው ሄዷል፤ ዘይቱና ቅጠሌን ጨርሳ ሸጣ፣ ገንዘቡን በላስቲክ አስራ፣ ምን ሆነ ብላ ጠበቀችኝ። ቁጥሩን የጻፍኩባትን ያችን ቅጠል ግን ለማንም አልሸጥኳትም። ወደ ማታ ዮዲ ከሥራ መጣች። ስልኳ ላይ ቀድማ አይታው ነበር፤ ቢሆንም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታገኘው ጋውኗን ሳታወልቅ ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የሎሚን ነገር ሁሉ ነገርኳት። ነገ ትመጣለች አልኳት። ሰባቱን ስሞች በጣቷ እየነካች ወረደች። እኔም እንደ ድሮዬ ዝም ልል ነበር።

«እንቁዬ» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው በስሜ።

«አቤት ልጄ።»

«ረጅም ነበር?»

«በዚህ በር ቢሆን» አልኳት፣ «ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው።»

ቀና ብላ የበሩን መቃን አየችው። ከዚያ እጇ ቀስ ብሎ ወደ ግንባሯ ሄደ።